በሎሚ ያጠብኩት የባሕር ገመድ

ጆሃንስበርግ ባሕር የላትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ባሕር ዳር ተቀምጣ ባሕር የምትሠራ ምን ዓይነት ሴት ናት?» ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ ነው። ባሕር የላትም፣ ሐይቅም የላትም፣ ወንዝ ብለው የሚያሳዩዋችሁም አንድ ነጠላ በወጉ አያስለቅልቅም። እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከጨው ውኃ ጋር የተዋወቅሁት ሽሮዬ ላይ እጄ ሲከብድ ብቻ ነው። ባሕሩ ግን እኔ ሳልጠራው፣ በአውሮፕላን፣ በነጭ ሳጥን ታሽጎ ቤቴ ድረስ መጣ።

ቤቴ ስል ያው የአባባ ዱጋል ቤት ማለቴ ነው። አባባ የምላቸው እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው ስኮትላንዳዊ ናቸው። ድሮ ለማዕድን ሥራ መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ አረጁ። ኬንሲንግተን ሰፈር ኮረብታው ወገብ ላይ፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ለብቻቸው ይኖራሉ። እኔ አስታማሚያቸውም ወጥ ቤታቸውም በር ከፋቻቸውም ነኝ፤ ጓሮ ያለችው ክፍል የእኔ ናት። ጠባብ ብትሆንም በምሥራቅ በኩል መስኮት አላት፣ የእመቤታችንን ሥዕል በዚያ በኩል ሰቅያለሁ። በዚህ ከተማ ሰላም ያለው ግቢ ውስጥ ምሥራቅ የሚያሳይ ክፍል ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባለፈው ነሐሴ ፍልሰታ ስትገባ አባባ መብላት ተዉ። እኔ በጾሙ ምክንያት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም፤ እሳቸው ያለ ምክንያት ጨርሰው አይበሉም። ቤቱ ገዳም ሆነ። ሾርባ ሳቀርብላቸው ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ዞር ዞር ያደርጉትና ልክ እንደ በሉ ሁሉ አፋቸውን ይጠርጋሉ። ጠዋት በራቸውን ሳንኳኳ መልስ የለም፤ ገፍቼ ስገባ ዓይናቸው ኮርኒሱ ላይ ነው። ሐኪሙ መጥቶ ደረታቸውን አዳመጠና ሰውነታቸው ደኅና ነው፣ የጠፋው ፍላጎታቸው ነው አለ። የጠፋ ፍላጎት በየትኛው መደርደሪያ እንደሚፈለግ ሳይነግረኝ ሄደ።

ኬፕታውን የምትኖር ፊዮና የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው። ይህን ስትሰማ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አባቴ ሲበላ በዓይኔ ካላየሁ ይዤው እሄዳለሁ፣ እኔ ቤት አጠገብ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ አስገባዋለሁ አለች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ሩቅ ሆኖ የሚፈራ ሰው የሚለውን ነው ያለችው። አባባ ግን ከዚያ ቤት መውጣት ሞታቸው ነው። ሚስታቸው የተከሉት የሎሚ ዛፍ ጓሮው ውስጥ አለ፤ ከመስኮታቸው እሱን ሳያዩ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም። እኔም ብትሉኝ ሥዕሌን ከግድግዳ አውርጄ ክፍል ፍለጋ የምንከራተት ሴት አይደለሁም። ስለዚህ ለፊዮና «ይበላሉ» አልኳት። እንዴት እንደሚበሉ ባላውቅም፣ ድምፄ ውስጥ ግን ምንም ጥርጣሬ አልነበረበትም።

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ወደ አባባ ገባሁና ምን ቢቀርብልዎ ይበላሉ አልኳቸው። ኮርኒሱን ብዙ ካማከሩ በኋላ፣ «ገመድ ላይ ያደገ ማስል» አሉ።

ግንባራቸውን ዳሰስኩ፤ ትኩሳት የለም።

ማስል የባሕር ፍጡር ነው። ጥቁር ዛጎል አለው፣ ሁለት ክዳን ሆኖ እንደ መነጽር ማኅደር የሚገጥም። አባባ እንደነገሩኝ በእሳቸው አገር ባሕሩ እንደ ረጅም ክንድ ተራራ ለተራራ እየገባ ይተኛል። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር እዚያ ውኃ ላይ ተንሳፋፊ እንጨት አስረው፣ ከእንጨቱ ገመድ ወደ ታች ያንጠለጥሉ ነበር። ዘር የለ፣ ቁፋሮ የለ። በዓይን የማይታዩ የማስል ጫጩቶች ከውኃው ራሳቸው መጥተው ገመዱን በፂማቸው ይይዙታል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ያንን ገመድ ሲስቡት እንደ ወይን ዘለላ ሞልቶ ይወጣል። መሬት ስላልነኩ አሸዋ የለባቸውም። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ገመድ ይስብ ነበር። ያን ያህል ሲያወሩ ከሰማሁ ቆይቻለሁና ቶሎ ብዬ ለፊዮና ደወልኩ። የማይበሉ ሰው የሚበላ ነገር ስም ጠርተዋል አልኳት።

ልጅቱ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። እነሱ አገር ባሕር ላይም እንዲህ በገመድ የሚያረቡ ሰዎች አሉና ለምና፣ ከገመዱ ሳይላቀቅ፣ አንድ ክንድ የሚያህለውን አስቆርጣ ላከች። የአሣ ነጋዴው ወደ ጆሃንስበርግ የሚጭነው ረቡዕ ብቻ በመሆኑ እሷ ቅዳሜ፣ ማስሎቹ ረቡዕ ሆነ። እኔ መካከል ላይ ነኝ። በስልክ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ የሞተ ማስል ይመርዛል፣ ቅዳሜ ድረስ በሕይወት መቆየት አለባቸው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሳጥኑ መጣ። ያመጣው ሰው አስፈርሞኝ «ቀዝቃዛ ቦታ» ብሎ ሄደ። አባባ መድኃኒታቸውን ውጠው ተኝተዋል። ክዳኑን ስከፍት አማተብኩ። ጭቃ ውስጥ የከረመ የበቅሎ ጭራ አስቡ፤ በዚያ ላይ ጥቁር ጥፍር የሚመስል ነገር ዙሪያውን የበቀለበት፣ ዝልግልግ ቅጠል የተጠመጠመበት። መሐሉ ላይ አውራ ጣት የማያህል ሸርጣን ብድግ ብሎ በጎኑ እየሮጠ ማቀዝቀዣው ሥር ገባ። ለእሱ አልፈረምኩም።

እንዲህ ያለ ነገር ቤታችሁ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ያደረግሁትን ነው የምታደርጉት፤ የተማርነው አንድ ነውና። ዶሮ በሎሚና በጨው እየታሸ፣ ውኃው እንደ ምንጭ ውኃ እስኪጠራ ካልታጠበ ድስት አያይም። እኔ ያጠብኩትን ዶሮ አማቴ አሽትታ ያገኘችበት ጉድለት የለም፤ አማቴን ብታውቋት ይህ ምን ዓይነት ምስክርነት እንደሆነ ይገባችሁ ነበር። እና ከጓሮው ዛፍ ሎሚ ለቀምኩ። ገመዱን የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ዘርግቼ እያንዳንዱን ጥፍር በብሩሽ፣ በጨው፣ በሎሚ ፈተግሁት። አንዱን ውኃ ደፍቼ ሌላ ስቀዳ ቧንቧው ሳል ሳል ብሎ ጸጥ አለ፤ ሰፈራችን ውኃ ሲሄድ አይሰናበትም። ምን ቸገረኝ፣ እኔ ጀሪካን ሳልሞላ የማልተኛ ሴት ነኝ። በጀሪካኑ ቀጠልኩ።

ውኃው እየጠራ ሲሄድ ማስሎቹ አንድ በአንድ አፋቸውን መክፈት ጀመሩ። ንጽሕናው ተስማማቸው አልኩ። እንዲያውም «እሰይ፣ ተንፈስ በሉ» ብያቸዋለሁ።

ከኋላዬ የብረት ምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። አባባ ናቸው፤ ከአልጋ ከወረዱ ስንት ጊዜያቸው። የባሕር ሽታ ቀስቅሷቸው መጥተው ሎሚ ሸተታቸው። ገመዱን አዩ፣ ብሩሹን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጮኹ። በራሳቸው አገር ቋንቋ ነበር፣ ያልገባኝ ይበልጣል፤ የገባኝንም ጾም ስለሆነ አልጽፈውም። ማስል የቧንቧ ውኃ አይችልም፣ ጨው የሌለው ውኃ ያፍነዋል፣ ሎሚ ደግሞ በቁሙ ያበስለዋል። ሎሚ ገበታ ላይ ነው የሚቀርበው እንጂ ገላ አይታጠቡበትም አሉኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና ልቤ ሐሴት ያደርግ ነበር። ስንት ቀን ኮርኒስ ሲያዩ የከረሙ ሰው ቆመው፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ በሙሉ ድምፅ ይሳደባሉ።

ከዛፋቸው የለቀምኩትን ሎሚ ግማሽ ሲያዩ ስድባቸውን ተዉ። አንሥተው አሸተቱት። ወንበር ሳብኩላቸው፤ ተቀምጠው ሙትና ሕያው መለየት አስተማሩኝ። ዝግ የሆነው ደኅና ነው። የተከፈተውን በጥፍር ታንኳኪዋለሽ፤ ከዘጋ በሕይወት አለ፣ ካልዘጋ ጣይው። የተከፈተውን ሁሉ እንዳንኳኳ አዘዙኝ።

ያደግሁበት ሥርዓት አለና ዝም ብሎ ማንኳኳት አልሆነልኝም። በጥፍሬ መታ መታ እያደረግሁ «ቤቶች!» አልኩ። መልስ የለም። ቀጣዩንም «ቤቶች!» አልኩት፤ ክዳኑ ቀስ ብሎ ሲገጥም አየሁ። አባባ ምንድነው የምትይው አሉኝ። እኛ አገር ሰው ደጃፍ ስንደርስ ውስጥ ያሉትን የምንጠራበት ነው አልኳቸው። ከእነዚያ ደጃፎች ከግማሽ የሚበልጡት ሰው አልነበራቸውም፤ አጥቤ ነው የጨረስኳቸው። የቀሩትን ገመዳቸው ላይ እያየሁ እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ። ከእንግዲህ አንድ እንኳ አይሞትብኝም፣ እግዚአብሔርም ያግዘኛል አልኩ።

ልፋቴን ሁሉ ያበላሸው ጨው የሌለው ውኃ ከሆነ መፍትሔው ግልጽ መሰለኝ። ካትሌሆንግ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ሰፈር ከባሏ ጋር ሱቅ ላላት ለታደለች ደወልኩላት። ታደለች የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፤ ስንት ዓመት ጓደኛሞች ስንሆን አንድም ቀን ሳትቀልድብኝ ውላ አታውቅም። ሱቅሽ ውስጥ ያለውን ጨው ይዘሽ ነይ አልኳት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይኼ ሁሉ ጨው ለምንድነው? ሬሳ ልታደርቂ ነው?»

«ባሕር ልሠራ ነው።»

«ጾሙ ከብዶሻል፣ እህቴ» አለች ረጋ ብላ።

በማግስቱ ግን መጣች፤ ታክሲው ውስጥ ጨው ታቅፋ፣ አጠገቧ የተቀመጡት እማማዎች፣ እህት ለማለት፣ «ሲስ፣ ምን ልትቀቅዪ ነው?» እያሏት። ባሕር ፈጣሪ በሦስተኛው ቀን የሰበሰበው ነው፣ አንቺ በታክሲ በመጣ ጨው ልትሠሪው ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ። መታጠቢያ ገንዳውን በጀሪካን ሞላነው፤ ጨው እየጨመርን በወጥ ማማሰያ አማሰልን። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ ጨው እንኳ ምላሴ ላይ አላሳርፍም። ታደለች ትቅመስ አልን፤ ቀመሰች፤ ግን እሷም ባሕር አይታ አታውቅም። «ጨው ጨው ይላል» የሚል ፍርድ ሰጠች። እኔም እሱን ሳልቀምስ አውቀው ነበር።

በዚህ መካከል የምርኩዙ ድምፅ መጣ። አባባ በር ላይ ቆመው ሁለት ሐበሻ ሴቶች ገንዳ ሲያማስሉ አዩ። ምንም አልጠየቁም። ማንኪያ አሉ። ጠብታ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ፦ ይህ ቆዳ የሚያለፉበት ነው። ውኃ ጨመርን። አሁን ደግሞ የድንች ቅቅል ነው አሉ። ጨው። ውኃ። ትንሽ ጨው። ታደለች እያጉረመረመች ጨው ታዘንባለች፣ እኔ አማስላለሁ፣ እሳቸው በምላሳቸው ጫፍ ነካ እያደረጉ ይተፋሉ፣ እንደገና ይላሉ። በስተመጨረሻ ማንኪያውን ከከንፈራቸው ሳያወጡ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኸው ነው» አሉ።

ቶሎ ብዬ ገመዱን ላመጣ ስል ያዙኝ። ማስሎቹን እዚህ እንዳትከቺ አሉ። ውኃው አይንቀሳቀስም፣ ትንፋሽ የለውም፣ በአንድ ቀን ይታፈናሉ። እነሱ የሚፈልጉት ብርድና እርጥብ ጆንያ ብቻ ነው፤ ከውኃ ውጭ ክዳናቸውን ገጥመው ይቆያሉ። ታደለች ባዶ የጨው ከረጢቶቿን አየች፣ እኔን አየች፣ «ታዲያ እስካሁን ያማሰልነው ለማን ነው?» አለች።

ለማን እንደሆነ አባባ አሳዩን። ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሰብስበው፣ በሁለታችን ትከሻ ተደግፈው የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ባሕሩ ውስጥ ከተቱ። ብርዱ እኔን ያንዘፈዝፈኛል፣ እሳቸው ጣቶቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ባሕር ካለ ነዋሪ ያስፈልገዋል ብዬ ያን ከማቀዝቀዣ ሥር በሻይ ማጥለያ የያዝኩትን ሸርጣን ጨመርኩበት። አውራ ጣታቸውን ቆነጠጣቸው። አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሻይና አንዲት የተጠበሰች ዳቦ በሉ፤ እኔም ዘጠኝ ሰዓት ሆኖልኝ ሽሮዬን ከፊታቸው ተቀምጬ በላሁ።

ማስሎቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ከሎሚው ዛፍ ሥር፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ አንጠለጠልኳቸው። የነሐሴ ብርድ እዚህ ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ነው፣ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሁሌ የማማርረውን ብርድ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኩት። ግን ሃዲዳዎቹን ረስቼ ነበር። ሃዲዳ ረጅም ማጭድ የመሰለ አፍ ያለው፣ ሲጮኽ መርዶ ነጋሪ የሚያስንቅ የዚህ አገር ወፍ ነው። ዓርብ ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን ልደግም ስወጣ አንዱ ጆንያዬን ሲወጋ ደረስኩበት። ጃንጥላ ይዤ ተነሣሁበት። ከዚያ ወዲያ ጸሎቴን ዛፉ ሥር ቆሜ አደረስኩ፤ በቀኝ እጄ መጽሐፌ፣ በግራዬ ጃንጥላዬ። በየመሐሉ ጆንያውን ገልጬ «ቤቶች!» እላለሁ። ሰነፍ መዝጊያ ያለውን ደግሜ አንኳኳለሁ፤ ሰው ሽንት ቤት ሊሆን ይችላልና ወዲያው ተስፋ አይቆረጥም።

ነገሩ ሕሊናዬን ስለቆረቆረኝ ለነፍስ አባቴም ደወልኩ። የማይበላ ፍጡር፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው፣ በጾም፣ ማጠብና መጠበቅ ያስቀጣ ይሆን ወይ አልኳቸው። ለታመመ ሰው ምግብ ማዘጋጀት ምን ኃጢአት አለው ልጄ፣ አንቺ ብቻ አትቅመሺ አሉኝ። ስለ ሎሚው አልጠየቁኝም፣ እኔም አላነሣሁም።

ቅዳሜ ፊዮና ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ እጇን ልትታጠብ ገባች። ወዲያው ወጣች። «ገንዳው ውስጥ ሸርጣን አለ» አለች፤ ድምፅዋ በሚያለቅስና በሚቆጣ መካከል ነበር። አባትሽ የሚዋኝበት ነው ልላት ነበር፣ ተውኩት። ወጥ ቤት ወሰድኳት። አባባ ምድጃው ጎን ወንበራቸው ላይ፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ጆንያውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ማስሎቹን ከገመዱ እያላቀቁ ፂማቸውን ይነቅላሉ። ከገመድ ሙሉ የተረፈን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነው። እያንዳንዱን ያንኳኩታል፤ «ቤቶች» ሲሉ ሰማሁ፣ ያውም ጠበቅ አድርገው፣ ልክ እንደ ደብረ ብርሃን ሰው።

እሳቸው ያዝዛሉ፣ እኔ እሠራለሁ። ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ ማስሎቹ፣ ክዳን። ጨው አትጨምሪ፣ ባሕሩ ውስጣቸው ነው አሉ። ቀምሼ የማላውቀውን፣ የማልቀምሰውን፣ በማሽተት ብቻ እየተመራሁ ሠራሁ፤ የጾም ወቅት ለሌላ ሰው ወጥ የሠራች ሴት ሁሉ ይህን ጥበብ ታውቀዋለች። ክዳኑን ሳነሣ ሁሉም ተከፍተው ነበር። ደነገጥሁ። አባባ፣ ሲበስሉ መክፈት አለባቸው፣ አሁን ነው ደጁ የሚከፈተው አሉኝ።

አንዱን ባዶ ዛጎል እንደ ወረንጦ ይዘው በእሱ የሌላውን ሥጋ እየመዘዙ በሉ። በሉ ስላችሁ፣ ሾርባውን በዳቦ አጥበው፣ ሳህኑን ወደ መብራት አዙረው እስኪያዩት ድረስ። መጨረሻ ላይ ከሚስታቸው ዛፍ ሎሚ ጨመቁበት፤ ሲጨምቁ በጎን አዩኝ። ፊዮና ሹካዋን ይዛ አልበላችም። የአባቷን መንጋጋ ነበር የምታየው።

ቆይታ ግን ቀስ ብላ አነሣችው። አባዬ፣ እኔ ጋ ብትመጣ እውነተኛው ባሕር አለ፣ ገመዶቹም አሉ፣ በየሳምንቱ ወስጄ አሳይሃለሁ አለች። እውነቷን ነው። እኔ ይህን ሳላስብ ባሕር ሳማስል፣ ማስል ስጠብቅ መክረሜ ያን ጊዜ ገባኝ።

አባባ አፋቸውን ጠረጉ። በዚህ ጊዜ የሚጠረግ ነገር ነበረው።

«የዚያኛውን ጨው እኔን ሳይጠይቁኝ ነው የጨመሩት» አሉ።

ፊዮና ሳቀች፣ ሳቋ ውስጥ ግን እንባ ነበረበት። እሁድ ስትሄድ እስከ ገና እንየው ብላ፣ በር ላይ አቅፋኝ፣ ሸርጣኑን ግን አንድ ነገር አድርጊው አለችኝ። አንድ ነገር ማለት እርጥብ ጨርቅ ባለው የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ አድርጌ ለእሷው ማስያዝ ነበር፤ እስከ ባሕር የሚሄድ ሰው ሌላ የለኝም።

ሰኞ ጠዋት ሻይና ገንፎ ይዤ አባባ በር ላይ ቆምኩ። አንኳኳሁ። መልስ የለም። ያው እንደ ድሮው። የቅዳሜው መብላት የአንድ ቀን ነገር ቢሆንስ አልኩ። ዕድሜያቸውን አሰብኩ፤ ከዚያም ያ ሁሉ ጨው፣ የገንዳው ብርድ፣ የቀዘቀዘው እግራቸው በዓይኔ መጣ። ግን ሰነፍ መዝጊያ ሁለት ጊዜ ይንኳኳል። በጥፍሬ፣ ቀስ ብዬ፣ መታ መታ አደረግሁና «ቤቶች!» አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ፣ ከብርድ ልብስ ሥር በሚመስል ድምፅ፣

«ዝግ ነው» አሉ አባባ።

ተመስገን ብዬ ገንፎው ላይ ቅቤ ልጨምርበት ተመለስኩ።